ሰጪው እንዳይጎዳ፦ ስለ ፕላትሌት ልገሳ፣ ስለ ማሽኑና ስለ ይሉኝታ

መግቢያ

ደብረ ብርሃን የራሷ ደም ባንክ አላት። ተማሪውም፣ መምህሩም፣ የፋብሪካው ሠራተኛም ሙሉ ደም መስጠትን ያውቀዋል። መርፌው ይገባል፣ ከረጢቱ ይሞላል፣ የሚጠጣ ነገር ይቀርባል፣ ሰውየው ጥቂት አርፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። አገራችን ይህን አገልግሎት በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሥር የጀመረችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ኃላፊነቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተሻገረ፤ ከዚያም ወዲህ ዘመድ ለዘመዱ በምትክ የሚሰጠው እየቀነሰ የበጎ ፈቃደኛው ድርሻ እያደገ መጣ።

የዛሬው ትምህርት ከሙሉ ደም አንድ እርምጃ አለፍ ስላለው ልገሳ ነው። በዚህ ልገሳ ደም ከክንድ ወጥቶ በማሽን ውስጥ ያልፋል፤ ፕላትሌት የሚባለው ክፍል ይቀራል፣ የተረፈው ወደ ሰጪው ይመለሳል። አፈሬሲስ ይሉታል። በአገራችን አብዛኛው ፕላትሌት የሚዘጋጀው ከሙሉ ደም ተለይቶ ነው። ሆኖም ዘመዱን ለማሳከም ከአንኮበር ጎረቤላ ተነስቶ አዲስ አበባ የሄደ ሰው፣ ወይም ባሕር ማዶ የሚኖር ልጃችን፣ ማሽኑ ባለበት ማዕከል «ፕላትሌት ትሰጣለህ ወይ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ ከፍርሃትም ከጭፍን ድፍረትም ርቆ አውቆ እንዲመልስ ነው ይህን የምንማረው።

የትምህርቱ ምሰሶ አንድ ነው፤ ለጋሽ ታማሚ አይደለም። ታማሚ ለመዳን ሲል መጠነኛ አደጋን ይቀበላል፤ ለጋሽ ግን ከዚያ ወንበር ለሥጋው የሚያገኘው ነገር የለም። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖ የመጣው ሰው ጤነኛ ሆኖ ወደ ቤቱ መግባት አለበት። የቀረው ትምህርት ሁሉ የዚህ ቃል ማብራሪያ ነው።

1. ፕላትሌት ምንድን ነው?

ጠላ ሲሰክን አተላው ይዘቅጣል፣ ጥሩው ከላይ ይጠራል። እንዳይረጋ መድኃኒት የገባበት ደምም ቢያስቀምጡት እንዲሁ ይለያል። ከባዱ ቀይ ሕዋስ ከታች ይወርዳል፤ ፕላዝማ የተባለው ቢጫ ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ነጣ ያለች ስስ ሽፋን ትታያለች። ነጭ ሕዋሶችና ፕላትሌቶች ያሉት በዚያች ሽፋን ነው።

ፕላትሌት ጥቃቅን የደም ክፍል ነው። ሥራው የደም ሥር ሲቀደድ ቀዳዳው ላይ ተሰብስቦ መድፈን ነው። በጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል። እያንዳንዱ ከ8 እስከ 10 ቀን ይኖራል፤ መቅኔ ያለማቋረጥ ይተካዋል። የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን ጠንካራውን መድኃኒት ሲወስድ ግን መቅኔው ይደክማል። ያን ጊዜ ድዱ ይደማል፣ ነስር አልቆም ይለዋል፣ ቆዳው ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ይወጣል። ብዙ ደም የፈሰሳት ወላድም ፕላትሌት ልትሻ ትችላለች።

አስቸጋሪው ነገር ፕላትሌት ተከማችቶ አለመቆየቱ ነው። ቀይ ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከአንድ ወር በላይ ይቆያል። ፕላትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት፣ ያለማቋረጥ በሚወዘውዝ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ እንኳ በተለመደው አሠራር ዕድሜው 5 ቀን ነው። ከአንድ ከረጢት ሙሉ ደም የሚገኘው ደግሞ ጥቂት ነው፤ ለአንድ አዋቂ ታማሚ ከ4 እስከ 6 ሰዎች ደም ይሰበሰባል። አፈሬሲስ ያን መጠን ከአንድ ሰው ያገኛል። የማሽኑ ጥቅም ይህ ነው፤ የጥንቃቄውም ምክንያት ከዚሁ ይጀምራል።

2. ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

አንኮበር ማሽንን በጥርጣሬ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይሆንም። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን በአካባቢው በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ እንደ ተተከለ፣ «የሰይጣን ሥራ ነው» ተብሎም ሥራው እንደ ቆመ የዘመኑ አውሮፓውያን ተጓዦች ጽፈዋል። ወፍጮው ሰይጣን አልነበረበትም። ነገር ግን የወፍጮ ድንጋይ እህል ይፈጫል፣ ያልተጠነቀቀ ሰው ጣቱን ካስገባም ጣት ይፈጫል። የደም ማሽንንም በዚሁ ዓይን እንየው። የሚፈራ መንፈስ የለበትም፤ ጠባቂ ግን ያስፈልገዋል።

ማሽኑን የወለደው የአንድ አባት ጭንቀት ነው። ጆርጅ ጀድሰን የተባለ የአይቢኤም መሐንዲስ ነበር። በ1962 እ.ኤ.አ. ልጁ የደም ካንሰር ተገኘበት። አባትየው በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከሐኪሙ ከኤሚል ፍራይራይክ ጋር ሆኖ ደምን ሳያቋርጥ የሚለይ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። የዛሬዎቹ ማሽኖች የዚያ ሥራ ዘር ናቸው።

አሠራሩን ለመረዳት ገብስ የሚጠብቀውን ልጅ ወንጭፍ አስቡ። ወንጭፉ ሲሽከረከር ድንጋዩ ወደ ውጭ ይስባል፤ ድንጋዩ በከበደ መጠን ስበቱ ይበረታል። በማሽኑ ውስጥም ደም ሲሽከረከር ከባዱ ቀይ ሕዋስ ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቀላሉ ፕላዝማ ወደ ውስጥ ይቀራል፣ ፕላትሌት በመካከል ይሰለፋል። ጠላ በሌሊት የሚሠራውን ማሽኑ በደቂቃዎች ይሠራዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ይያዝ። ደም ማሽኑን አይነካም። ደሙ የሚሄደው ንጹሕና ዝግ በሆነ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ያገለግላል፣ ከዚያ ይወገዳል። ደሙን የሚገፋው ተሽከርካሪ ቱቦውን ከውጭ እየጨመቀ ነው። ላም ሲታለብ ጣት ጡቱን ከውጭ ይጨምቃል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ከእኔ በፊት የሰጠው ሰው በሽታ ይተላለፍብኝ ይሆን?» ለሚል ጥያቄ መልሱ ቱቦው ነው። አዲስ ከሆነ፣ ማሸጊያው ካልተቀደደና ጊዜው ካላለፈ ለዚያ ሥጋት ቦታ የለም። ባለሙያው እሽጉን በፊትህ እንዲከፍተው ብትጠይቅ ነውር የለበትም።

3. የሚመለሰው ደምና ሲትሬት

ከሙሉ ደም ልገሳ ወደ ማሽኑ የሚሻገር ሰው ልዩነቱን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። ሙሉ ደም ስትሰጥ እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት በከረጢቱ ውስጥ ነው፤ ደምህ ወደ እርሱ ይሄዳል፣ እርሱ ወደ አንተ አይመጣም። በማሽኑ ግን ሲትሬት የተባለው መድኃኒት ከሚወጣው ደም ጋር ይቀላቀልና ከሚመለሰው ጋር ከፊሉ ወደ ሰውነትህ ይገባል።

ይህ ምን ያደርጋል ቢሉ፣ ሲትሬት ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ካልሲየምን በመያዝ ነው። በደም ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም ለጊዜው ሲቀንስ ነርቭና ጡንቻ ይቆጣሉ። የመጀመሪያው ምልክት ቀላል ነው። ከንፈር ዙሪያ ይነዝራል፣ የጣት ጫፍ ይጠቀጥቃል፣ አንዳንዱ ደረቱ ውስጥ ንዝረት ይሰማዋል፣ ሌላው ብርድ ብርድ ይለዋል ወይም ያቅለሸልሸዋል። በዚህ ጊዜ ከተነገረ መፍትሔው ቅርብ ነው። ባለሙያው የመመለሻውን ፍጥነት ይቀንሳል፣ የሚታኘክ ካልሲየም ይሰጣል፤ ጉበት ሲትሬቱን ቶሎ ያስወግደዋል። ዝም ከተባለ ግን ንዝረቱ ወደ ጡንቻ መኮማተር ይሸጋገራል፣ ጣት ይታጠፋል፤ እጅግ ሲብስ የልብ ምት ይዛባል።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች አንድ ልዩ ወጥመድ አለ። በከፍታ ቦታ ለኖረ ሰው ብርድ የዕለት ጓደኛው ነው። አንድ ከጎረቤላ የመጣ ወጣት ወንበሩ ላይ ተቀምጧል እንበል። ማሽኑ ከጀመረ 20 ደቂቃ ሆኖታል። ከንፈሩ መንዘር ጀመረ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። በልቡ «ብርዱ ነው» ይላል፤ ጋቢውን ሳብ አድርጎ ዝም ይላል። እርግጥ ነው፣ በቱቦ ዞሮ የሚመለስ ደም ስለሚቀዘቅዝ ብርድም ሊሰማ ይችላል። ነገር ግን ብርድና ሲትሬት በስሜት ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው ባለሙያው ነው፤ ለጋሹ ራሱን አይመርምር። «ከንፈሬን ነዘረኝ» ማለት ብቻ ይበቃዋል። ጋቢውንም ይልበስ፤ የሞቀ ክንድ ደም ሥሩ ጎልቶ ይወጣል። ጋቢው ግን መርፌው የገባበትን ቦታ አይሸፍን፤ ቦታው ሁልጊዜ ለባለሙያው ዓይን ግልጥ ይሁን።

4. መሣሪያው የሚያመጣው ጉዳት

ብዙዎቹ ልገሳዎች በሰላም ያልቃሉ። ከሚያጋጥመውም አብዛኛው ቀላል ነው። ከባዱ ጉዳት እጅግ ጥቂት ነው፤ የሚማሩት ግን ጥቂት ሆኖ እንዲቀር ነው።

መርፌ፦ በሙሉ ደም ልገሳ መርፌው ከደም ሥሩ ቢወጣ ደም መውጣቱ ይቆማል። በማሽኑ ግን ደም በግፊት ስለሚመለስ መርፌው ከደም ሥሩ ከወጣ ፈሳሹ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ክንድ በድንገት ያብጣል፣ ይወጠራል፣ ያማል። ወዲያው መቆም አለበት። እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ጣት የሚሮጥ ሕመም ደግሞ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ይወጣል።

አየር፦ በቱቦው ውስጥ አየር ገብቶ ወደ ሰውነት ቢመለስ አደገኛ ነው። ስለዚህ ማሽኑ አየር የሚለይ መርማሪ አለው፤ አረፋ ሲያይ መመለሻውን ይቆልፋል። ለጋሹ በድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ደረቱን ቢወጋው ወይም ቢያስለው ቱቦው ይዘጋል፣ በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ጭንቅላቱ ዝቅ ይላል፣ ኦክስጅን ይሰጠዋል፣ ሐኪም ይጠራል።

የቀይ ሕዋስ መሰባበር፦ ቱቦ ከታጠፈ ወይም የተሳሳተ ፈሳሽ ከተሰቀለ ቀይ ሕዋሶች ይሰባበራሉ። ቢጫ መሆን የነበረበት ፕላዝማ ሮዝ ወይም ቀይ ይሆናል። ለጋሹ ወገቡን ያመዋል፣ በኋላ ሽንቱ ይጠቁራል። እዚህ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው፤ በቱቦው የቀረው ደም አይመለስም።

ፍሳሽና መርጋት፦ የቱቦው መጋጠሚያ ከለቀቀ ወይም ከረጢቱ ከተቀደደ ንጽሕናው ተሰብሯል። ሲትሬቱ በትክክል ካልደረሰም ደሙ ቱቦው ውስጥ ይረጋል። በሁለቱም ጊዜ ሥራው ይቆማል፣ ደሙ አይመለስም። ለጋሹ ያን ያህል ቀይ ሕዋስ ስለሚያጣ ይመዘገባል፣ እንደ መጠኑም ቀጣዩ ቀጠሮው ይራዘማል።

የከረጢት መለዋወጥ፦ በማሽኑ ላይ ጨዋማ ፈሳሽና ሲትሬት ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ ሁለቱም እንደ ውሃ የጠሩ ናቸው። ቢለዋወጡ ሲትሬት በብዛት ወደ ለጋሹ ይገባል። መጋጠሚያዎቹ የተለያየ ቅርጽና ቀለም እንዲኖራቸው የተደረገው ለዚህ ነው። ያም ሆኖ አንድ ሰው የሰቀለውን ሌላ ሰው አንብቦ ያረጋግጥ።

መብራት መጥፋት፦ ይህን ማንም ኢትዮጵያዊ አይረሳውም። ማሽኑ የመጠባበቂያ ኃይል ከሌለው መሽከርከሩ ይቆማል፣ ደሙ በመንገድ ይቀራል። ማዕከሉ መጠባበቂያውን ያዘጋጅ፣ ሠራተኛውም መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተለማምዶ ይቆይ።

አለርጂ፦ ቱቦዎቹን ከጀርም ለማጽዳት የሚውለው ጋዝ ርዝራዥ አንዳንድ ሰው ላይ ማሳከክ፣ መቅላት ወይም የዓይን ማበጥ ያመጣል። ከዚህ በፊት ያጋጠመው ለጋሽ ይንገር።

ቀስ ብሎ የሚመጣም አለ። አንዳንድ ማሽኖች ነጭ ሕዋሶችን አጥምዶ የሚያስቀር ክፍል አላቸው። ለዓመታት ደጋግመው በሰጡ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ሊምፎሳይት የተባለው ነጭ ሕዋስ ቀንሶ እንደሚታይ አሳይተዋል። ደጋግሞ የሚሰጠውን ለመጠበቅም የፕላትሌት ቁጥር ከልገሳ በፊት ይቆጠራል፣ በልገሳዎች መካከል ጊዜ ይሰጣል፣ በዓመት የሚሰጠውም በገደብ ይያዛል።

አምራቹም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በ2018 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ፣ በአንድ ዓይነት የፕላዝማ መሰብሰቢያ ማሽን ውስጥ ብናኝ ስለ ታየ ለጥንቃቄ ሲል ማሽኑ ከሥራ እንዲታገድ አድርጓል። ትምህርቱ ግልጥ ነው። ሠራተኛው ያየውን ሲጽፍ፣ የተጻፈው ሲመረመር፣ ለጋሽ ከመጎዳቱ በፊት መሣሪያ ይቆማል። ያልተጻፈ ስሕተት ግን በሌላ ሰው ክንድ ላይ ይደገማል።

5. ሦስቱ ጠባቂዎች

ለጋሹን የሚጠብቁት ሦስት ናቸው፤ የማሽኑ ጩኸት፣ የባለሙያው ዓይን፣ የለጋሹ አንደበት።

ማሽኑ አየርንና ግፊትን ያውቃል፤ ከንፈር መንዘሩን አያውቅም። ባለሙያው የፊት መገርጣትንና የክንድ ማበጥን ያያል፤ በልብ ያለውን ማቅለሽለሽ አያይም። እርሱን የሚያውቀው ለጋሹ ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ጠባቂ ዝም ካለ ሁለቱ ከፊል ዕውር ናቸው።

በእኛ ዘንድ የሚደክመው ይህ ሦስተኛው ነው። ምነው ቢሉ፣ ይሉኝታ። ጨዋ ሰው አይጮህም፣ ወንድ ልጅ መርፌ አይፈራም፣ ለታመመ ሕፃን ሊሰጥ የመጣ ሰው «አቁሙልኝ» አይልም ተብለን አድገናል። ይሉኝታ በለቅሶ ቤትና በድግስ መልካም ነው፤ በልገሳ ወንበር ላይ ግን ጠላት ነው። አባቶች በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እዚህም ይሠራል።

አንዳንድ ሰው «ለሌላው ስል ብታመምስ? መሥዋዕት አይደለም ወይ?» ይላል። ይህ ሐሳብ ከቅን ልብ ቢመጣም ትክክል አይደለም። ባልንጀራን መውደድ የታዘዘው ራስን በመውደድ ልክ ነው፤ መለኪያውን የሰበረ ሰው የሚለካበትን አጥቷል። ደግሞም የለጋሹ መጎዳት ለታማሚው አንዲት ጠብታ አይጨምርለትም። ይልቁንም ያ ለጋሽ ሁለተኛ አይመለስም፤ ያዩትም ይሸሻሉ። ልገሳው ቢቋረጥ ሌላ ለጋሽ ይፈለጋል፤ አንተን ግን የሚተካ የለም።

ለባለሙያዎችም ቃል አለን። ለጋሹ ሲናገር «ምንም አይደለም» ብላችሁ አታልፉ። ማሽኑ ሲጮህ ምክንያቱን ሳታዩ ድምፁን አታጥፉ። ለጋሹን ለብቻው ትታችሁ አትሂዱ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት «ከንፈርህን ቢነዝርህ፣ ክንድህን ቢያምህ፣ ትንፋሽ ቢያጥርህ ወዲያው ንገረኝ» በሉት፤ በየጊዜውም ጠይቁት። ተጠይቆ መመለስ ይሉኝታን ያቀልላል።

6. ለጋሹ ምን ያድርግ?

ከመስጠቱ በፊት፦ እውነቱን ይናገር። በሽታውን፣ የሚወስደውን መድኃኒት፣ ቀድሞ የደረሰበትን መሳት አይደብቅ። አስፕሪን የፕላትሌትን ሥራ ስለሚያዳክም ወስዶ ከሆነ መቼ እንደ ወሰደ ይግለጥ። በልቶና ውሃ ጠጥቶ ይምጣ። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው በባዶ ሆዱ ማሽኑ ላይ አይቀመጥ፤ ቀጠሮውን ከምግብ በኋላ ያድርግ ወይም ጾሙ እስኪፈታ ይቆይ። ወተት በማይጠጣበት ወቅት ካልሲየም እንዲሰጠው አስቀድሞ ይንገር። በፋሲካ ማግስት ደግሞ ቅቤ የበዛበት ወጥ በልቶ ወዲያው አይምጣ፤ ስቡ ፕላዝማውን ያደፈርሰዋል። የቆረበ ምእመን በዚያ ቀን ደም እንዳይወጣው ስለሚጠነቀቅ ሌላ ቀን ይያዝለት።

በሚሰጥበት ጊዜ፦ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳልና አይቸኩል። መርፌ ያለበትን ክንድ አያጥፍ። አዲስ ስሜት ሲመጣ በዚያው ቅጽበት ይናገር። ማቆም ከፈለገ ምክንያት ሳያቀርብ ማቆም መብቱ ነው።

ከሰጠ በኋላ፦ የመርፌውን ቦታ አጥብቆ ይያዝ፤ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ይጠጣ። በዚያ ቀን እንስራ አያንሣ፣ እንጨት አይሸከም፣ ዕርፍ አይጨብጥ፣ መኪና ለመያዝ አይቸኩል። ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገድ ላይ ራሱን ቢያዞረው ማን ይደርስለታል? አብሮት የሚሄድ ሰው ይኑረው። ቤቱ ገብቶ ክንዱ ቢያብጥ፣ ሽንቱ ቢጠቁር ወይም ትኩሳት ቢይዘው ለማዕከሉ ይደውል። ያ ጥሪ ማስቸገር አይደለም፤ የልገሳው ክፍል ነው።

ማጠቃለያ

ፕላትሌት በቆየ ጊዜ የሚሞት ስጦታ ነው። አምስት ቀን አልፎት የተረፈው ከረጢት ይጣላል፤ በስድስተኛው ቀን የሚደማው ሕፃን ሌላ ሰው ይጠብቃል። ስለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ቀን የሚሰጥ ጀግና አይደለም፤ ዛሬ ሰጥቶ በደኅና ወደ ቤቱ የገባ፣ በቀጠሮውም የሚመለስ ሰው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ማሽኑ ባለበት ብትጠራ አትፍራ፣ ሂድ። ገና ካልተጠራህ ደግሞ በደብረ ብርሃን ደም ባንክ ሙሉ ደም በመስጠት ጀምር፤ ከእርሱም ፕላትሌት ሊለይ ይችላል። ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ግን ይሉኝታህን ከበር ውጭ ተወው። ከንፈርህን ሲነዝርህ ተናገር።